432 ብር

ሰኞ ማታ ልጄ ደብተሯን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። ገለጥኩት። እሑድ አብረን የሠራነው የቤት ሥራ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተጋድሟል። «አብረን» ስል ደግሞ ለራሴ እያደላሁ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። እሷ ገለበጠች።

የሚያስቀው እኔ የሂሳብ ሠራተኛ መሆኔ ነው። ድሬዳዋ መጋላ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ ስደምርና ስቀንስ ነው የምውለው። የስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ጉድ ይሠራኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጥያቄው ይሄ ነው። አንዲት ሴት ከነበራት ብር 1/3ኛውን ለምግብ አወጣች። ከቀራት ብር ደግሞ 1/4ኛውን ለትራንስፖርት ከፈለች። በመጨረሻ 180 ብር ቀራት። መጀመሪያ ስንት ብር ነበራት?

እኔ እንዲህ ሠራሁት። 1/3 ሲደመር 1/4፣ 7/12። የቀረው 5/12። 5/12ቱ 180 ከሆነ 1/12ኛው 36 ነው። 36 ሲባዛ በ12፣ 432። አለቀ። ልጄ ቀና ብላ «በቃ?» አለችኝ። «በቃ» አልኳት፣ ስልኬን እያየሁ።

መልሱ በነጥብ ተንጠባጥቦ ቢወጣ ኖሮ እጠራጠር ነበር። 432 ግን ድፍን፣ ቆንጆ ቁጥር ነው። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ሆን ብሎ ይሁን በአጋጣሚ፣ ለተሳሳተውም ሰው የሚያምር መልስ አዘጋጅቶለታል።

«ቲቸር 360 ነው አለች» አለች ልጄ። «አባቴ ነው የሠራልኝ ስላት ክፍሉ ሳቀ።»

ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን ነው የምናጠናው። ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ቤት ተዘግቶ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ካለ ጎበዝ ነው። ቬንትሌተሩን ብትከፍተው ወረቀቱን ይበትነዋል፣ ብታጠፋው ላብህ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ትንሹ ልጄ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እናቱ ከቀፊራ ያመጣችውን ሸንኮራ ይልጣል። አንዱን ዘንግ ወሰድኩበት። አለቀሰ። ቆጥሬ ስድስት አንጓ ያለውን ቆረጥኩና ልጄ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄ የሴትየዋ ብር ሁሉ ነው። ሲሶውን ለምግብ አውጪ።»

«ሲሶ ምንድን ነው?»

አማቴ በሩ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ጣታቸው ቆመ። «ሲሶ አታውቅም? ታዲያ ምንድን ነው የሚያስተምሯት?» አሉኝ፣ እኔን እንጂ እሷን ሳያዩ። አንድ ሦስተኛ መሆኑን ነገርኳት። ሁለት አንጓ ቆርጣ ለወንድሟ ሰጠችው። ልቅሶው ወዲያው ቆመ።

«አሁን ሩቡን ለባጃጅ።»

ቢላውን አነሳች። አንድ አንጓ ለካች፣ ከሚቀጥለው ደግሞ ግማሹን። አንድ ተኩል። ዝም ብዬ አየኋት። እሑድ ማታ እኔ በወረቀት የሠራሁት ስህተት ይኸው በቢላ ሊሠራ ነው።

«የምን ሩብ ነው እሱ?»

«የሸንኮራው።»

«ሸንኮራው የቱ ነው?»

ወደ ወንድሟ ዞረች። አፉን ሞልቶ ያኝካል። «እሱማ ተበልቷል» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆየችና «ቆይ!» ብላ ቢላውን አስቀመጠች። የቀሩት አራት አንጓዎች ናቸው። የአራቱ ሩብ አንድ ነው። አንዱን ቆረጠች። ሦስት ቀሩ። ሦስቱ 180 ከሆኑ አንዱ 60። ስድስቱ 360። እስክሪብቶ አልነካችም።

«አሁን የእኔን አረጋግጪ» አልኳት፣ ራሴን ለመቅጣት። የ432 ሲሶ 144። የቀረው 288። የዚያ ሩብ 72። የሚቀረው 216። ሴትየዋ ግን ያላት 180 ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር እኮ።

አማቴ ነገሩ ገርሟቸዋል። እሳቸው ያደጉት ጨርጨር ነው። አባታቸው የሰው መሬት በሲሶ ያርሱ ነበር፣ ከመሬት ላራሹ በፊት። «ዐሥር ዳውላ ሲወቃ መጀመሪያ አስራቱ ይወጣል፣ አንድ ዳውላ» አሉ። «ከቀረው ዘጠኝ ሲሶው ለባለርስቱ፣ ሦስት። ለእኛ ስድስት።»

«ከዐሥሩ ሲሶ ውሰዱ ቢባልስ እማማ?» አለች ልጄ።

«ምን ሲደረግ! በአስራቱም ላይ ሲሶ?» ብለው ተቆጡ። ስልሳ ዓመት ሊሆነው ምንም ያልቀረው እህል ነው፣ አሁንም ያንገበግባቸዋል። ልጄ 1/10 እና የቀሪው 1/3 ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እውነትም የእኛው ጥያቄ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሯል።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያስተማርኳትን ሁሉ አሰብኩት። ለካ ቃል እየለቀመች እንድትሠራ ነው ያለማመድኳት። «ቀረ» ካለ ቀንሺ። «በጠቅላላ» ካለ ደምሪ። «ለእያንዳንዱ» ካለ አካፍይ። እኔም በልጅነቴ የተማርኩት እንደዚህ ነው፣ ለፈተናም አገልግሎኛል። ግን «ከደብተሯ 12 ገጽ ቀራት፣ ይህም የደብተሩ ሩብ ነው፣ ደብተሩ ስንት ገጽ አለው?» ሲባልስ? «ቀረ» የሚል ቃል አለ፣ የሚቀነስ ነገር ግን የለም። 12ን በ4 አባዝተህ 48 ነው። ቃል የምትለቅም ልጅ ደግሞ የምትቀንስበት ቁጥር ስትፈልግ ታመሻለች።

አማርኛችን ግን እዚህ ላይ የሚያግዝ ይመስለኛል። «የቀሪው ሩብ» ስንል ሙሉው ቀድሞ ይመጣል። ሩቡ ከመነሣቱ በፊት የምን እንደሆነ «የ» ነግራሃለች። እኛ ዘለናት ወደ ቁጥሩ እንሮጣለን እንጂ።

ረቡዕ የወንድሜ ልጅ ከሳቢያን መጣ። ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ትንሽ ይኮራል። «አቦ፣ ፐርሰንት ቀላል ነው!» አለ። እሺ አልኩት። 1,000 ብር የነበረ ጫማ ላይ 20 በመቶ ጨመሩ። በበዓል ደግሞ 20 በመቶ ቅናሽ ብለው ለጠፉ። አሁን ስንት ነው?

«1,000። ጨመሩ፣ ቀነሱ። ያው ነው።»

ልጄ ከእኔ ቀድማ «የምን 20?» አለችው። የመጀመሪያው የ1,000 ነው፣ 200 ብር። ሁለተኛው የ1,200 ነው፣ 240። ጫማው 960 ብር ሆነ። ልጁ ካልኩሌተር አውጥቶ ሦስት ጊዜ መታው። ስልኩ አላዘነለትም።

አልሳቅኩበትም። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን ቫት ያለበት የ1,150 ብር ደረሰኝ ተሰጠኝ። ቫቱን ለብቻ አውጣ ተባልኩ። የ1,150ን 15 በመቶ አስልቼ 172 ብር ከ50 ብዬ ጻፍኩ። ትክክሉ 150 ነው። 15 በመቶው የሚሰላው ቫቱ ሳይጨመር ከነበረው ከ1,000 ብር ላይ ነዋ። ዋናውን ለማግኘት 1,150ን ለ1.15 ማካፈል ነበረብኝ። አለቃዬ የነገረኝ ሰው ፊት ነበር፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቅዳሜ ልጄን ይዤ በከዚራ ስናልፍ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆምን። አንድ ጥያቄ አወጣሁላት። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው አሮጌው ሐዲድ 784 ኪሎሜትር ነው። ከጅቡቲ ድሬ 310 ገደማ። ስንት በመቶ ሠርተው ነው እዚህ የደረሱት? 40 ገደማ አለች። ጎሽ። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፣ ድሬ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ከጊዜው ስንት በመቶ ወሰደባቸው? ጣቷን ቆጠረች። ከ20 ዓመት 5። 25 በመቶ።

«ታዲያ ድሬ ሲደርሱ ሥራው 40 ነው ወይስ 25 በመቶ ያለቀው?»

«የመንገዱ 40፣ የጊዜው 25» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ለምን ቀሪው እንደዘገየ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት እንደፈረሰና ሌላ ኩባንያ እስኪረከብ ሥራው እንደቆመ ነገርኳት። ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ታስቦ፣ ዳገቱ ስላስቸገረ እዚህ ሜዳ ላይ እንደቀረም ነገርኳት። ሐረር ላሉት አጎቶቿ ይሄን እንዳትነግሪ ብያታለሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ የውሃ ታንከር ጥያቄ መጣ። 3/5ኛው የሞላ ታንከር ላይ 80 ሊትር ሲጨመር ሞላ፣ ታንከሩ ስንት ሊትር ይይዛል? እስክሪብቶ ከማንሳቷ በፊት «80ው የምን ነው?» ብላ ራሷን ጠየቀች። የጎደለው 2/5 ነው። አንድ አምስተኛው 40፣ ሙሉው 200 ሊትር።

ቀጣዩ ጥያቄ ቧንቧው በደቂቃ 4 ሊትር የሚቀዳ ከሆነ ባዶው ታንከር በስንት ደቂቃ ይሞላል ይላል። 50 ብላ ጻፈች። ከዚያ ጓሮ ያለውን የእኛን ሮቶ ዞር ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ቧንቧዋ ሳትቋረጥ ነው?»

«መጽሐፉ አልጻፈም» አልኳት።