«ወረወረለት» እና «ወረወረበት»፦ የእንግሊዝኛን ግስ ከነመስተዋድዱ ያስተማርኩበት መንገድ

በፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ማስተማር ስጀምር፣ የግስንና የመስተዋድድን ጥምረት ለተማሪዎቼ የማቀርበው በረጅም ዝርዝር ነበር፤ እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነውና ሌላ መንገድ ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም። ተማሪዎቹ ዝርዝሩን ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ድርሰት ሲጽፉ ግን «ዲስከስ አባውት»፣ «ሜሪድ ዊዝ»፣ «ሊስን ዘ ሬዲዮ» ይላሉ። ለዓመታት በቀይ እስክሪብቶ ሳርማቸው የኖርኩትን እነዚህን ስሕተቶች አንድ ቀን ጎን ለጎን ስጽፋቸው፣ ሁሉም የአማርኛውን ሥርዓት የተከተሉ ሆነው አገኘኋቸው፤ እኛ ስለ ጉዳዩ እንወያያለን፣ ከእርሷ ጋር እንጋባለን፣ ሬዲዮ ግን ያለ መስተዋድድ እናዳምጣለን።

በዚያ ሰሞን ነገሩን በዋሸራ ቅኔ ለተማሩ አንድ ጎረቤቴ የኔታ አጫወትኳቸው። እርሳቸውም በቅኔ ቤት ግስ ከነአገባቡ እንደሚጠና ነግረውኝ፣ «ነአምን በአሐዱ አምላክ» የሚለውን አነሡና «ልጄ፣ ያችን 'በ' ብታወጣት ቃሉ ሌላ ይሆናል» አሉኝ። እቤቴ ገብቼ ሳስበው እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፤ «ቢሊቭ ሂም» የነገረንን እውነት ነው ብሎ መቀበል ሲሆን፣ «ቢሊቭ ኢን ሂም» ግን በእርሱ መተማመን ነው። አማርኛችን ይህን ልዩነት «አመነው» እና «አመነበት» ብሎ በግሱ ውስጥ ይሸከመዋል።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ከዝርዝሩ መጀመር ትቼ ከ«ለት» እና ከ«በት» ጀመርኩ። ኳስ ለጓደኛው የወረወረለት ልጅ «ስሮው ቱ» ይላል፤ ድንጋይ የወረወረበት ግን «ስሮው አት» ነው። «መሰከረለት» በ«ፎር»፣ «መሰከረበት» በ«አጌንስት» ይገለጣል። «ሳቀበት» እና «ጮኸበት» ደግሞ «ላፍ አት» እና «ሻውት አት» ስለሚሆኑ፣ «አት» ድርጊቱ የተነጣጠረበትን ዒላማ እንደሚያሳይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት፤ በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጥቂት ነው።

መንገዱ ግን ሁሉን አይፈታም። የእኛ አንዷ «በ» በእንግሊዝኛ ብዙ ቦታ ትበተናለች፦ «አሰበበት» በ«አባውት»፣ «ተመካበት» በ«ኦን»፣ «ተሳተፈበት» በ«ኢን» ይነገራል። ስለዚህ አዲስ ግስ በመጣ ቁጥር ከነመስተዋድዱ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ደብተር ላይ እንዲሰፍር አደረግሁ። እኔ ስጠራጠር 100 ሚሊዮን ያህል ቃላት በተሰበሰቡበት በብሪቲሽ ናሽናል ኮርፐስ በተባለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ንግግር ስብስብ ውስጥ ሰዎቹ በእርግጥ የጻፉትን እመለከታለሁ። «ዲስከስ» ያለ መስተዋድድ እንደሚሄድና «አባውት» የሚከተለው «ዲስከሽን» የተባለውን ስም መሆኑ ግልጽ የሆነልኝ እዚያ ነው፤ ስሕተቱ ከአማርኛ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ስምም ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ከግሱ ጋር ተዋሕዶ ትርጉሙን የሚለውጠው ቅንጣት ነው። «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ መሆኑን ከ«ጊቭ» ማንም ሊገምት አይችልም። ለእነዚህ አንድ መፈተኛ አለኝ፤ ተውላጠ ስም አስገብቼ አያለሁ። «ፒክ ኢት አፕ» (አንሣው) ሲባል «ኢት» መካከል ይገባል፤ «ሉክ አፍተር ኢት» (ተንከባከበው) ሲባል ግን መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም «አፍተር» እውነተኛ መስተዋድድ ነው። ዘንድሮ ይህን ከዘጠነኛ ክፍል መጀመሪያ ጀምሮ እያስተማርኩ ነው፤ ቀድሞ እስከ ፈተናው ዋዜማ አቆየው ነበር።