ሰማዩን የቀየረ ውሃውንም ይቀይር

በባሕር ዳር የሠርግና የጉብኝት ቪዲዮ ከምንሠራ ኤዲተሮች እጅ ከሚወጡት ኢፌክቶች ሁሉ እንደ ሰማይ መቀየር የተዘወተረ አላውቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው፤ በጥር ደግሞ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ደመና አልባ በመሆኑ በቀትር ሲቀረጽ ነጥቶ ይወጣል፤ ሙሽሮቹ ግን የሚመኙት በወርቃማ ደመና ያሸበረቀ አመሻሽን ነው። መሣሪያው አልጠፋም። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር ዳቪንቺ ሪዞልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 15ኛ እትሙ ፊውዥን የተባለውን የኢፌክት መሥሪያ ወደ ውስጡ ስላስገባ፣ ብዙዎቻችን አፍተር ኢፌክትስ የተባለውን ሌላ የኢፌክት ሶፍትዌር ለብቻው ከፍተን እንሠራው የነበረው ሥራ ዛሬ በነጻው እትም ከዚያው ሶፍትዌር ሳይወጡ ይሠራል። ሶፍትዌሩ የማያውቀው የጣናን ብርሃንና ውሃ ነው፤ ይህን ማወቅ የኤዲተሩ ድርሻ ነው።

አስቀድሞ መታየት ያለበት የፀሐይዋ አቅጣጫ ነው። ከተማችን በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለተቆረቆረች፣ ሐይቁን ከሙሽሮቹ ጀርባ አድርጎ የሚቀርጽ ካሜራ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፤ በጥር ደግሞ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ብርሃኗ የሚያርፈው በሙሽሮቹ ፊት ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ከጀርባ የምትጠልቅ ፀሐይ ያለበት ሰማይ ከተለጠፈ፣ ጥላቸው ወደ ፀሐይዋ የሚወድቅ ሰዎችን እናሳያለን ማለት ነው። ተመልካቹ ስህተቱ ምን እንደሆነ ለይቶ ባይናገርም ዓይኑ አይቀበለውም። ስለዚህ ፀሐይ የማትታይበትንና ብርሃን ከፊቱ ያረፈበትን ደመና መምረጥ ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ውሃው ነው። ከላይ ያለው ሰማይ ቀልቶ ሳለ ሐይቁ እንደ ነጣ ሲቀር ያየሁባቸው ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው፤ ከማናቸውም ጉድለት ይበልጥ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፣ ምክንያቱም ለማስተካከል ከባድ አይደለም። አዲሱን ሰማይ በሌላ ሌየር (የምስል ንብርብር) ደግሜ አስገባና ከላይ ወደ ታች ገልብጬ ከአድማሱ መስመር በታች አስቀምጠዋለሁ፤ በማስክም (ምስሉ የሚታይበትን ቦታ በሚወስን ክልል) ውሃው ላይ ብቻ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። ቀጥሎ ቁልቁል ብቻ የሚስብ ብለር (ማደብዘዣ) እጨምርበታለሁ፤ ሞገድ የሚሰብረው ነጸብራቅ የሚለጠጠው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ እኛ ነውና። ድምቀቱንም ከሰማዩ ዝቅ አደርገዋለሁ። ኦፓሲቲው (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍንበት መጠን) ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፦ አድማሱ አጠገብ ያለውን ውሃ በሰያፍ ስለምናየው ሰማዩን አጉልቶ ይመልሳል፤ እግራችን ሥር ያለውን ግን ቁልቁል ስለምናየው የራሱ ቀለም ይበረታል፤ ስለዚህ ማስኩ ወደ ታች እየሳሳ መሄድ አለበት። ይህ የራሱ ቀለም ደግሞ ከወቅት ወቅት ይለያያል። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ሲገቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ያንን ቡናማ መልክ በከለር ግሬዲንግ (በቀለም ማስተካከያ) አጥፍቶ ባሕር የመሰለ ሰማያዊ ማድረግ ጣናን ጣና እንዳይሆን ያደርገዋል።

በዳርቻው ያለው ደንገል ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ ጎፈሬ የተበተነውን አናቱን በእጅ በተሣለ ማስክ መከተል ስለማይቻል፣ ሰማዩን በብርሃኑ የሚለየውን ሉማ ኪይ እጠቀማለሁ። ያም ሆኖ በየጭራሮው ዙሪያ ከድሮው ሰማይ የተረፈ ነጭ ጠርዝ ይቀራል፤ ጠርዙን በጥቂት ፒክስል ወደ ውስጥ አስገብቶ በአዲሱ ሰማይ ቀለም ትንሽ መንከር ይበቃል። ክሊፑ ከጀልባ ላይ የተቀረጸ ከሆነ አድማሱ ስለሚወዛወዝ ትራኪንግ (አዲሱ ሰማይ የምስሉን እንቅስቃሴ እንዲከተል ማድረግ) ግድ ነው፤ የትራኪንጉ ነጥብ ግን ሞገዱ ይዞት ስለሚሄድ ፈጽሞ ውሃ ላይ መተከል የለበትም። ማዶ የሚታይ የደሴት ጫፍ ወይም ቋሚ ዛፍ ይመረጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም እምቦጩን አጥፋልን የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው ይህ አረም ከሙሽሮች ጀርባ ብቅ ካለ ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው የለም፤ ማስታወሻው የእነርሱ ነውና አጠፋላቸዋለሁ። ስለ ሐይቁ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም ላይ ግን አላደርገውም፤ ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው የነቀሉትን አረም በአንድ ማስክ እንዳልነበረ ማድረግ ለእኔ ድካማቸውን መካድ ነው። በጢስ ዓባይም እንዲሁ ነው። ፏፏቴው በክረምት ሲሞላና በበጋ፣ ውሃው ለኃይል ማመንጫ በሚጠለፍበት ጊዜ፣ ሲሳሳ ፈጽሞ ሁለት መልክ አለው፤ የክረምቱን ውሃ ቆርጦ በበጋ ምስል ላይ መለጠፍ ደግሞ ለሠለጠነ እጅ ቀላል ነው። ለአስጎብኚዎች በምሠራው ቪዲዮ ይህን ከማድረግ ይልቅ የክረምቱን ክሊፕ እንዳለ አስገባና የተቀረጸበትን ወር በምስሉ ግርጌ እጽፋለሁ፤ ጽሑፉ ይነሣ የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ የካቲት ላይ መንገድ አቋርጦ የሚመጣ እንግዳ ምን እንደሚጠብቀው በበጋው ክሊፕ አሳየዋለሁ።