«መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም» ማለትን እንዴት እንደተውሁ

ሰባት ሆነን ጌም ኦፍ ትሮንስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን ለማየትና ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ለመወያየት ስንስማማ፣ ውይይቱን የመምራቱ ኃላፊነት ለእኔ የተሰጠኝ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የጻፋቸውን አምስቱንም መጻሕፍት በማንበቤ ነበር። ከእኔ ሌላ ሁለት አንባቢዎች ነበሩ፤ ሁለት ሰዎች ፊልሙን ቀደም ብለው አይተው ጨርሰዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ዘንዶ እንዳለበት ከመስማት በቀር ስለ ታሪኩ ምንም አያውቁም። ተከታታይ ፊልሙ 73 ክፍሎች ስላሉት በሳምንት አንድ ክፍል ብናይ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ያህል ይፈጅብናል። ይህን ያህል ጊዜ ሳይሰለቹ አብሮ መቆየት የሚቻለው ጨዋታው ሲጥም ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋታውን ያበላሸሁት ደግሞ መሪ የተባልሁት እኔው ነበርሁ።

ያበላሸሁትም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም» እላለሁ። ልዕልቲቱ ዴነሪስ ስትዳር ገና የ13 ዓመት ልጅ ናት፣ ሮብ ስታርክና ጆን ስኖው ታሪኩ ሲጀምር 14 ዓመታቸው ነው፣ ብራን ከግንቡ ሲወረወር ሰባት ዓመቱ ነው፣ ፊልሙ ሁሉንም አሳድጓቸዋል እያልሁ አስረዳለሁ። ያልሁት ሁሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ለዚህ «እሺ» ከማለት በቀር ምን ይመልሳል? ሁለቱ አንባቢዎች የእኔን ንግግር ተቀብለው ሌላ ልዩነት ይጨምራሉ፣ እኔም በዚያ ላይ እጨምራለሁ፣ አራቱ ደግሞ ስልካቸውን ይነካካሉ። በአራተኛው ሳምንት ከሁለቱ አዲስ ተመልካቾች አንዷ ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ፣ «እኔ የመጣሁት ፊልም አይቼ ልጫወት እንጂ ባላነበብሁት መጽሐፍ ልፈተን አይደለም» አለችኝ። ከፋኝ፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም።

በቀጣዩ ሳምንት የሆነውን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሴይ ለብቻቸው ተቀምጠው ስለከሸፈው ትዳራቸው የሚያወሩበት ትዕይንት አለ። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት ሳይነጋገሩበት የቆዩትን ነገር በወይን ጠጅ መሐል፣ ያለ ጩኸት፣ እየሳቁ ጭምር ይነጋገሩበታል፤ በእኔ ግምት በዚያ ሲዝን ከታዩት ሁሉ የላቀው ትዕይንት ይህ ነው። ይህ ጭውውት በመጽሐፉ ውስጥ ፈጽሞ የለም። ያን ዕለት ግን ትንፍሽ አላልሁም። መጽሐፉን በምስክርነት የምጠራው ለውጡን ስጠላው ብቻ እንደሆነ፣ ስወደው ግን አውቄ እንደማልፈው የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያን ሳምንት መለስ ብዬ ሳስበው ነው።

መንገዳችን የተቀየረው በዘጠነኛው ክፍል፣ የሮብና የብራን አባት ኔድ ስታርክ በሚሰየፍበት ቀን ነው። በፊልሙ ኔድ ወደ ሞቱ ሲወሰድ ትንሿን ልጁን አርያን ከሐውልቱ ሥር አይቶ በሕዝቡ መሐል ላገኘው ዮረን ለተባለ ሰው የሐውልቱን ስም ጮኾ ይነግረዋል፤ ዮረንም ሄዶ ይይዛታል። እኔም እንደ ልማዴ፣ ኔድ በመጽሐፉ እንዲህ ያለ ምልክት እንደማይሰጥ ለመናገር አፌን ስከፍት፣ ያቺው ጓደኛችን ቀደመችኝና፣ «ቆይ፣ መጽሐፉ ይህን ቦታ የሚያወራው በማን ዓይን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው የመጽሐፉን አሠራር የሚነካ ነበር። ማርቲን እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው ስም ይሰይማል፤ በዚያ ምዕራፍ ውስጥም ያ ሰው የሚያየውን፣ የሚሰማውንና የሚያስበውን ብቻ ያስነብበናል። (ምዕራፍ የሚለውን ቃል ለመጽሐፉ ትተን ለፊልሙ ሲዝን ማለት የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱንም ምዕራፍ ስንል «ሦስተኛው ምዕራፍ» የቱ እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ሩብ ሰዓት ይባክን ነበር።) የኔድን ሞት የምናነበው በአርያ ምዕራፍ ነው፤ ዮረን ይዟት ወደ እርሱ እንድትመለከት ስለሚያስገድዳት ሰይፉ ሲያርፍ አታይም፣ የሕዝቡን ድምፅ ብቻ ትሰማለች። በፊልሙ ግን ካሜራው አንዴ ወደ ልጅቱ፣ አንዴ ወደ አባቷ ይመላለሳል። አባት ልጁን እንዳየ እኛ እናውቃለን፤ ያቺ የመጨረሻ ጩኸት የተፈጠረችው ለዚህ ነው። ይህን ስንባባል አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሰባታችንም ተናገርን፤ ከሁሉ አብዝታ የተናገረችውም መጽሐፉን በእጇ ነክታው የማታውቀው ሴት ነበረች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ውይይቱን የምከፍተው በዚህ ጥያቄ ሆነ። «መጽሐፉን ይመስላል ወይ?» ሲባል መልስ ያለው ያነበበ ሰው ብቻ ነው፤ «ማን እያየ ነው? ማንስ ተሰውሯል?» ሲባል ግን ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ያገባዋል። አንባቢዎቹም የምናውቀው ነገር መልክ ያዘ። ለምሳሌ ሮብ ስታርክ በመጻሕፍቱ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ምዕራፍ የለውም፤ ጄይን ዌስተርሊንግን ማግባቱን የምናውቀው እናቱ ካትሊን ስትሰማ ነው። ፊልሙ ወጣቱን ንጉሥ በእናቱ ዓይን ብቻ ሊያሳየን ስላልፈለገ ፍቅሩን ፊት ለፊት ማሳየት ነበረበት፤ ስለዚህ በጄይን ፈንታ ታሊሳ የምትባል አዲስ ሴት ፈጠረ። በፊት «ታሊሳ የምትባል ሴት የለችም» ብዬ ንግግሩን እዘጋው ነበር። አሁን ግን ለምን እንዳስፈለገች መነጋገር ቻልን፤ ከመካከላችን ሁለቱ ይህን ሁሉ ሰምተው እንኳን ፊልሙ ተሳስቷል በሚለው ጸኑ፤ ያም መልካም ነው።

ገና ያልታየውን ስለ መናገር፣ ማለትም ስለ ስፖይለር፣ ያወጣነው ደንብ ቀላል ነበር። ስለ ወደፊቱ መናገር ያማረው ሰው ሐሳቡን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ ቀኑን አስፍሮ፣ ካርቶን ውስጥ ይከታል፤ ካርቶኑ የሚከፈተው ሲዝኑ ሲያልቅ ነው። ደንቡ አፍን ቢዘጋም ፊትን አይዘጋም። በሦስተኛው ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል፣ ቀዩ ሠርግ የሚባለው እልቂት በሚታይበት ምሽት፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ሁሉን ነገር አበላሸሁ። ዘወትር ከበስተኋላ የምቀመጠው ሰው ያን ቀን ተነሥቼ የሁለቱን አዲሶች ፊት ለማየት ወደሚመቸኝ ወንበር ተዛወርሁ። አንደኛው ዞር ብሎ አየኝና፣ «ዛሬ ሰው ይሞታል ማለት ነው» አለ። ካትሊን ከሠርጉ እንግዶች የአንዱን፣ የሩስ ቦልተንን እጅጌ ገልጣ ከሥር የለበሰውን የብረት ልብስ ስታይ ሌላው ሁሉ ሲደነግጥ እርሱ ሲጠብቀው የነበረ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው የተቀመጥሁት ከፊት ነው። ያነበበ ሰው ከፊት ይቀመጥ የሚለው ደንብ ለማንም የሚጠቅም ይመስለኛል።

መጽሐፉ የሚያልቅበትና ፊልሙ ብቻውን የሚሄድበት ቦታም አለ። አምስተኛው መጽሐፍ የወጣው ፊልሙ በጀመረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ስድስተኛው ሳይወጣ ፊልሙ በ2019 ተፈጸመ። በተለይ ከስድስተኛው ሲዝን ወዲያ አንባቢ የሚባል ሰው የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። የሆዶርን ስም ምሥጢር የሰማሁት እኔም እንደማንኛውም ተመልካች ከፊልሙ ነው፤ አዘጋጆቹ ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ ሐሳቡ ከማርቲን ከራሱ እንደመጣ ተናግረዋል። ከስሙ በቀር ሌላ ቃል የማይወጣው ያ ግዙፍ ሰው፣ ልጅ ሳለ የሰማው «በሩን ያዝ» የሚል የእንግሊዝኛ ጩኸት አፉ ላይ እየተቆራረጠና እያጠረ ሄዶ ነው «ሆዶር» የሆነው።

ያን ምሽት የተነሣው ጥያቄ፣ ይህ ነገር በአማርኛ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይሠራ ነበር የሚል ነበር። አንዱ «በሩን ያዝ፣ በሩን ያዝ፣ በርያዝ፣ ብርያዝ» እያለ በፍጥነት ደጋገመው፤ ሌላው ደግሞ ብርያዝ የገንዘብ ያዥ ስም እንጂ የበር ያዥ ስም አይመስልም ብሎ አሳቀን። ነገሩን የፈታችው ግን ያቺው ጠያቂ ናት። በእንግሊዝኛው ግሡ ይቀድማል፣ በሩ ይከተላል፤ ስለዚህ ቃሉ ሲያጥር የሁለቱም ቅሪት ስሙ ውስጥ ይቆያል። በአማርኛ በሩ ይቀድምና ግሡ መጨረሻ ላይ ያርፋል፤ እየጮኸ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ አፍ ላይ የሚቀረው «ያዝ» ብቻ ይሆናል። ተርጓሚው ይህን ስም መምረጥ የነበረበትም ምሥጢሩ ሳይገለጥ፣ ገና ከመጀመሪያው መጽሐፍ አንሥቶ ነው፤ ያ መጽሐፍ ደግሞ የታተመው በ1996፣ ምሥጢሩ በፊልሙ ከመታየቱ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በበኩሌ ከአንድ ዓመት ከአምስት ወሩ ሁሉ ቢመረጥልኝ የምደግመው ያን ምሽት ነው።

ስለ መጨረሻው ሲዝን ብዙ አልልም፤ ያኔ ዓለም ሁሉ ብሎታል፣ ሲዝኑ እንደገና ይሠራ ብለው የፈረሙትም ከሚሊዮን በላይ ነበሩ። እኛም ዴነሪስ ከተማይቱን ስታቃጥል ለሁለት ተከፈልን፤ ድምፃችንም ከፍ አለ። ያበረደን፣ እያንዳንዱ ሰው ለክርክሩ ከቀደሙት ክፍሎች አንድ ማስረጃ ብቻ ይዞ እንዲመጣ ለሳምንት ቀጠሮ መያዛችን ነው። «ጭካኔው ከጥንት ነበረባት» ያለው ወገን ሚሪን በተባለችው ከተማ 163 የባሪያ ጌቶችን መስቀሏን አመጣ። «አልተዘጋጀንም» ያለው ወገን ደግሞ ዘንዶዋ አንዲት ሕፃን አቃጥሎ በገደለ ጊዜ የቀሩትን ሁለቱን ዘንዶዎቿን ራሷ በሰንሰለት አስራ መዝጋቷን አነሣ። ሁለቱም እውነት ሆኖ ተገኘ። የእኔ ፍርድ፣ ፍጻሜው ሳይሆን ጥድፊያው ነው የጎዳው የሚል ነው፤ ስድስቱ ሲዝኖች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ክፍል ሲኖራቸው ሰባተኛው በሰባት፣ ስምንተኛው በስድስት ክፍል ተጠናቅቋል።

ከዚያ በኋላ በ2022 ወደጀመረው ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን አለፍን። ይህኛው ፊልም የተወሰደበት መጽሐፍ ልብ ወለድ መሆኑ ቢታወቅም የተጻፈው እንደ ዜና መዋዕል ነው፤ ጸሐፊው በዓይኑ ያላየውን ዘመን ከካህንና ከቤተ መንግሥት አጫዋች ቃል እየሰበሰበ፣ አንዱ ሌላውን ሲያፈርስበት «እንዲህም ይባላል» እያለ ያልፋል። ልዑል ኤመንድ የእህቱን ልጅ በሰማይ ላይ ሲገድል ፊልሙ የሚጋልባት ዘንዶ ከእጁ ወጥታ እንዳደረገችው ያሳያል። «መጽሐፉ ላይ...» ብሎ ከአንባቢዎቹ አንዱ ሲጀምር፣ «ለጸሐፊው ማን ነገረው? ደመና ውስጥ ማን ነበረ?» የሚል ጥያቄ ከሦስት አቅጣጫ ወረደበት።

በሁለተኛው ሲዝን ፊልሙ የንግሥት ሄለናን ሦስተኛ ልጅ ሜይሎርን ሳያነሣው አለፈ፤ በ2024 ቅሬታውን በአደባባይ የጻፈው ማርቲን ራሱ ነበር። እኔ የተውሁትን ነገር ደራሲው አነሣው ብዬ ሳቅሁ። ሆኖም አንድ ልጅ ሲወጣ ከእርሱ ጋር የተያያዙት ኋላ የሚመጡ ድርጊቶች እንዴት እንደሚናጉ ነበር ያስረዳው፤ እኔ ግን በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ዕድሜ ስቆጥር ከዕድሜው መለወጥ ምን እንደሚከተል አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ወር ያቺ ጓደኛችን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ማንበብ ጀመረች። አንድ ማታ ደወለችልኝና፣ ሮበርትና ሰርሴይ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ገጽ ስንተኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልፌው ይሆናል ብላ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳ ገልጣለች። «እሱ እንኳ መጽሐፉ ላይ የለም» አልኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ «ያኔ ለምን አልነገርኸንም?» አለችኝ።