በስልክ አይወራም

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ምክንያት የለውም። ዝም ብዬ ወደ ሐዋሳው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣ ዓሣ የሚያጸዳውን ልጅ እጅ እጁን ያያል። አይጠጋም፣ አይርቅም። ያያል ብቻ። በዚህ መሃል እማዬ ደወለች።

"የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ግን በስልክ አይወራም።"

እሷ ዘንድ በስልክ የሚወራ ነገር የለም። የቅቤ ዋጋ በስልክ አይወራም። የአክስቴ ወገብ በስልክ አይወራም። በደርግ ጊዜ አባቷ ወሬ ሲጀምሩ ሮጣ ሬዲዮኑን ከፍ የምታደርገው እሷ ነበረች። "ጆሮ ጠቢ" ስትል ዛሬም ድምፅዋን ትቀንሳለች።

ባለፈው ላሳምናት ብዬ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 አነበብኩላት። ደብዳቤህ፣ ስልክህ፣ በኤሌክትሮኒክስ የምትጻጻፈው ሁሉ አይደፈርም ይላል። አዳመጠችኝ፣ አዳመጠችኝና፣

"በል ይሄንንም በስልክ አታንብብ!"

ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከል ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል የሚለው ጋ ገና አልደረስኩም ነበር። እሷ ግን ቀድማኝ የደረሰች ይመስለኛል።

እኔስ ብሆን ምን አፍ አለኝ? የዛሬ ሁለት ወር ባጃጅ ውስጥ ስልኬን መንትፈውኝ ሲሮጡ፣ ከአፌ የወጣው "ሌባ!" እንኳን አልነበረም። "እዚህ ጋ ካሜራ የለም እንዴ?" ነው ያልኩት። ሌባውን የሚያይ፣ እኔን ግን የማያይ ካሜራ። ካለ ንገሩኝ።

ደግሞ የእማዬ ጥንቃቄ ቀዳዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ስኖውደን የሚባል አሜሪካዊ ካወጣቸው ሚስጥራዊ ሰነዶች የመጀመሪያው፣ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤን ኤስ ኤ የሚሊዮኖችን የስልክ መዝገብ በየቀኑ ይወስድ እንደነበር ነው ያጋለጠው። ንግግሩን አይደለም። ማን ለማን ደወለ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ደቂቃ። በቃ። በዚህ ሒሳብ እማዬ ምንም ሳታወራ ሁሉን አውርታለች። አንድ ደቂቃ ትደውላለች፣ በማግስቱ እኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሻሸመኔ ነኝ። ይሄ በየሳምንቱ ነው። የሚመዘግብ ሰው ካለ መፈንቅለ መንግሥት እያቀድን ሊመስለው ይችላል።

የባለፈው ሳምንት ሚስጥር ምን መሰላችሁ? በሩን ዘጋች። መጋረጃውን ሳበች። ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ "ዕቁብ ወጣልኝ" አለችኝ። አልቆመችም፣ ጓዳ አስገብታ ብሩን የት እንዳስቀመጠችም አሳየችኝ። የበርበሬው እንስራ ው...

ተውኩት።

እማዬ ፌስቡክ የላትም። እህቴ ግን አላት።