ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት

ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስበት ሌሊት ለእኛ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ቅጣት ነው። ከተማው አንድ ሰዓት ተጨማሪ ሲተኛ እኛ አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንቆማለን። ትናንት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት መጥቶ አለፈ፣ ስምንት ሊሞላ ሲል እንደገና ሰባት ሆነ። ዛሬ ደግሞ ገና አስራ አንድ ሰዓት ሲል ጨለመ። ጥቅምት እንኳን ሳያልቅ! በቶሮንቶ ቀን እንዲህ ማጠር ሲጀምር ምን እንደምሆን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም።

መብራት ሳላበራ ተቀምጬ በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ ነው። ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት። ጥፋቱ የሁለቱ ነው።

ሁለቱን ከዚህ በፊትም አንስቻቸዋለሁ፤ አብረውኝ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት የሴንት ካትሪንስ ከተማው ሽማግሌና ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ድራም የሚመታው ፊሊፒናዊ ልጅ። በፖለቲካም፣ በሆኪም፣ በቡናው ውፍረትም አይስማሙም። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ረሽ የሚባለው የዚሁ አገር ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ነው፤ እሱንም የሚወዱት እየተጣሉበት ነው። ሰሞኑን ደግሞ ብሶባቸዋል። ከባንዱ የቀሩት ሁለቱ፣ ጌዲ ሊና አሌክስ ላይፍሰን፣ አኒካ ኒለስ የምትባል ጀርመናዊት ከበሮ መቺ ይዘው በ2026 እንደገና መድረክ ሊወጡ መሆኑ ከተነገረ ወዲህ ሽማግሌው ሰላም የለውም። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከእነሱ ጋር ስውል የራሴን ረስቼዋለሁ።) ልጁ «ትችላለች» ይላል። ሽማግሌው «ጉዳዩ መቻል አይደለም» ይላል። ታዲያ ምንድን ነው ሲባል መልስ የለውም፤ ወደ ቁጥር ይገባል።

ትናንት የተጣሉበት ዜማ ግጥም የለውም። ርዕሱ «ዋይ ዋይ ዜድ» ነው። ይህን እኔም እናንተም ከሻንጣችን ላይ እናውቀዋለን፤ ከቦሌ ስንነሳ እጀታው ላይ የሚጠመጠመው ወረቀት በትልቁ የሚይዘው የቶሮንቶ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው እየበረሩ ሳለ ማረፊያው መለያውን በሞርስ ኮድ እየደጋገመ ሲልክ ሰሙ፤ ያንኑ ምት እንዳለ ወስደው በ1981 በወጣው «ሙቪንግ ፒክቸርስ» አልበማቸው ውስጥ የዜማው መግቢያ አደረጉት። ዋይ በሞርስ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም ነው። ዜድ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። አጭሩን አንድ፣ ረጅሙን ሁለት እያላችሁ ብትቆጥሩ የመጀመሪያው ፊደል ሰባት ይሆናል፤ ሁለተኛውም ሰባት፤ ሦስተኛው ስድስት። ድምሩ ሃያ።

ይህን ሃያ ሽማግሌው በሁለት በሁለት ይከፍልና አስር ስምንተኛ፣ ማለትም አስር ፈጣን ምት፣ ነው ይላል። ልጁ በአራት በአራት ይከፍልና አምስት አራተኛ፣ ማለትም አምስት ሰፊ ምት፣ ነው ይላል። አንዱ አስር ባለ አስር ብር፣ ሌላው አንድ ባለ መቶ ይዞ ማን ሀብታም እንደሆነ እንደሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። ልጁ ሲያስረዳኝ ግን ልዩነት አለው፤ እግርህ የት ላይ መሬት ይነካል ነው ጥያቄው። በአምስት ስትቆጥረው ሰፋ ብለህ ትራመዳለህ፣ በአስር ስትቆጥረው ትሮጣለህ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሞርስ ግን ስለ ማንም እግር አላሰበም። ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት ብሎ ልኳል፤ አብራሪው ገብቶታል፤ በቃ።

ይህ ሲያልቅ ወደ «ቶም ሶየር» ተሻገሩ። እዚያ መሐል ላይ፣ ዘፈኑ በቀና አራት ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ሰባት ይሆናል። ሰባት መሆኑን ማንም አልካደም። ሰባት ስምንተኛ ነው ወይስ ሰባት አራተኛ በሚለው ግን ያ ሁለተኛው የሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ መጨረሻው ተበላ። በ1980 የወጣው «ፍሪዊል» አለ ደግሞ፤ ስድስት ቆጥሮ ሰባት ቆጥሮ የሚሄድ። ሽማግሌው እሱን አስራ ሦስት ነው ይላል። አስራ ሦስት! ማን ነው እስከ አስራ ሦስት እየቆጠረ ዘፈን የሚሰማው?

የእኛ ሰው በችክችካ እንዲህ ሲጣላ አይቼ አላውቅም። ኪቦርድ የሚጫወተው ወዳጃችን «ስድስት ስምንተኛ ነው» ብሎ ጠቅልሎታል፤ ሰርገኛው ግን ያንን አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ሁለትም ሆኖ ይሰማል፣ ሦስትም ሆኖ ይሰማል። ጭብጨባው አንዱን ይዞ ትከሻው ሌላውን ሲይዝ አንድ ቤት ሙሉ ሰው አይጋጭም። ለበዓል ከአባዬ ጋር ማሕሌት ቆሜ ሳለሁም ወረቡ በመረግድ እየተጎተተ ቆይቶ ጽፋት ሲገባ፣ ከበሮው ሲፈጥን፣ ቤቱ ሁሉ በጭብጨባ ሲነሳ፣ ስንት ላይ ነን ያለ ሰው አላየሁም። አባዬ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ይቆጥር ነበር እንዴ? አሁን ገና አሰብኩት።

ስለ ሽማግሌው ልመለስ። የባንዱን የቀድሞ ከበሮ መቺ ይወደዋል። ኒል ፒርት ሃሚልተን ተወልዶ ሴንት ካትሪንስ ያደገ ሰው ነው፤ የአገሩ ልጅ ማለት ነው። በ1974 ባንዱን ሲቀላቀል ከበሮ ብቻ አልያዘም፤ አብዛኛውን ግጥም የጻፈው እሱ ነው። ዓለም አንደኛ ነህ ሲለው ከኖረ በኋላ፣ በአርባዎቹ ዕድሜው አስተማሪ ፈልጎ የዱላውን አያያዝ ከሥሩ ለወጠ። ይህን ሽማግሌው ሲያወራ ድምፁ ሊሰበር ይደርስና ወዲያው «ታዲያ ያ ሰባት ስምንተኛ ላይ…» ይላል። መውደዱን መናገር አይችልበትም። ስለዚህ ይቆጥራል። ልጁም ያው ነው፤ ዕድሜው ስለሚያንስ ፈጥኖ ይቆጥራል እንጂ።

በ1997 የፒርት ልጅ በመኪና አደጋ ሞተች፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሚስቱ በካንሰር ሞተች። ለባንዱ ጓደኞቹ ከሥራ እንደወጣ ቁጠሩኝ ብሏቸው ነበር፤ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ሄደ፤ 88,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። ከዚያ ተመለሰ፣ በ2002 አዲስ አልበም ወጣ፣ እስከ 2015 ድረስ መታ። ከአድናቂ ጋር ቆሞ ማውራት አይወድም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲታመም ደግሞ አያሳውቅም። የአንጎል ካንሰር ነበር። በፈረንጁ ጥር 7 ቀን 2020 በስልሳ ሰባት ዓመቱ ሲሞት ከታመመ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ መሞቱም የተሰማው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ ያውቁ ነበር። እሱ እንዲነገር ስላልፈለገ አልተናገሩም።

ሽማግሌው ይህን እስካሁን አልዋጠውም። የቡናው ማሽን ጋ ቆሞ «እንዴት አላወቅንም?» ይለኛል፤ ሰውየው አጎቱ ይመስል። የእያንዳንዱን ዱላ ምት የት እንደወደቀ ያውቃል፤ በ1981ዱ ቅጂና በመድረኩ ቅጂ መሐል የተጨመረችውን አንዲት የብረት ሳህን ድምፅ ያውቃል፤ ሰውየው እየሞተ መሆኑን ግን አላወቀም።

እኔን አልገረመኝም። እኛ በዚህ የተካንን ሕዝብ ነን። ሞትን ለወራት ደብቀን መያዝ፣ ቤት ሙሉ ሰው ተማክሮ አንድ ሰው ፊት መሳቅ፣ ለዚህ ማን ይደርስብናል? የአባዬን ጊዜ ታውቃላችሁ። እህቴ ስልክ ታነሳለች። አባዬስ? ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። በሌላ ቀን፣ አባዬስ? ተኝቷል። በሌላ ቀን፣ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፣ ሲሻለው ያናግርሻል። ፈተናዬ እስኪያልፍ ነበር አሉ። ሰው ሁሉ ለእኔ ሲል ዋሸ፤ እንደዚያ ተባብረው ሌላ ነገር ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ግን ከጥያቄዬ በኋላ፣ ከመልሷ በፊት፣ አንድ ምት ትጎድል ነበር። ወይም ትተርፍ ነበር። ቁጥሩ ቀና አልነበረም። መስመሩ ነው እያልኩ ስልኩን እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን በማለዳ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ደጁን ነጠላ ለብሰው የሞሉት የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ማንም እንደምን አደርሽ አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ ከአገር ቤት ጋር ሳወራ ጆሮዬ ከቃሉ ይልቅ ክፍተቱን ነው የሚይዘው። ሁሉም የየራሱ ልክ አለው። እማዬ ስልኩን ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ስለምታዛውር ከእሷ መልስ ትንሽ ይዘገያል፤ ይህ ጤነኛ መዘግየት ነው። እህቴ ጥያቄው ሳያልቅ የምትመልስ ናት፤ እሷ ከዘገየች አንድ ነገር አለ። የአክስቴን ልጅ መመዘን አይቻልም፣ ሁልጊዜ እየበላ ነው የሚያነሳው። ከዚህ ላይ ኔትወርኩን መቀነስ ያስፈልጋል። ዋትስአፕ ሲደክም ሁሉም ሐዘንተኛ ይመስላል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያለቀ ነው የሚመስለኝ።

እናም ዛሬ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ጣቴ ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ባለፈው ሳምንት እህቴን የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ ብዬ የጠየቅኳት ትዝ አለኝ። «ደህና ናት» ያለችው ዘግይታ ነበር። ጉልበቷን ጠይቄ ስለ ጉልበቷ አልመለሰችልኝም፤ «ደህና ናት» ብቻ። በደንብ አስታወስኩት። ባስታወስኩት ቁጥር ክፍተቱ እየረዘመ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ እማዬን ሆስፒታል አስተኝቻት ነበር።

ደወልኩ። በእኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ልዩነቱ ከሰባት ወደ ስምንት ስላደገ እዚያ ከንጋቱ አስራ ሁለት። ከባሕር ማዶ በንጋት የሚደወል ስልክ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጣቴ ነው የቀደመኝ።

ያነሳችው እማዬ ራሷ ነች። «ሃሎ» አላለችም። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም እማዬ። እንዲሁ ነው የደወልኩት።»

«በዚህ ሰዓት እንዲሁ ተብሎ አይደወልም።»

«ናፍቀሽኝ ነው።»

«ትናንት አውርተን የለም እንዴ? ጤናሽን ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ።»

ዝም አለች። ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ የምታዛውርበት ዝምታ አልነበረም።

«ለምን ዘገየሽ?»

«ምኑን?»

«ደህና ነኝ ለማለት። ቆየት ብለሽ ነው ያልሽው።»

መስመሩ ነው አልኳት። «መስመሩን እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ። አባዬ በሕይወት ሳለ እሱም እንደዚሁ ይል ነበር አለች፤ ይህችን ልጅ ስትተነፍስ ስሟት፣ ቃሏን ተዉት፤ እያለ። ይህን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የምቆጥረው እኔ ብቻ መስሎኝ ተቀምጫለሁ፤ ለካ ወዲያም ወዲህም የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው በአንድ ስልክ «ደህና፣ ደህና» የሚባባሉት። ጉልበቷንም ሳልጠይቃት ዘጋን።

ዘግተን ሻይ ሳላፈላ መልእክቶች ገቡ። አንድ ከአክስቴ ልጅ፤ «ምን ሆንሽ?» ብቻ፣ አፉ ባዶ ሆኖ የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጂዳ ካለችው ዘመዳችን፣ የድምፅ መልእክት፣ ከማልቀስ የማይለይ። እነሱ ዘንድ ዜናው በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ፒርሰን እንኳ በሞርሱ አይደርስበትም። ከሁሉ የባሰው የእህቴ ነው። «እማዬ አንድ ነገር ደብቃናለች ብላ ቁርስ አልቀምስ አለች። ንስሐ አባቷን ልታስጠራ ነው። ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።»

እችለዋለሁ ትላለች! አባዬን ያን ሁሉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የላከችው እሷ፤ መቻሏንማ ማን ይጠራጠራል።

አሁን «ምንም አልሆንኩም» ብዬ ጽፌ ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አልላክሁትም። ወዲያው ብልከው ተዘጋጅታበት ነበር ይላሉ። አቆይቼ ብልከው ስታለቅስ ቆይታ ነው ይላሉ። እየጻፍኩ መሆኔ ደግሞ ከላይ ይታያቸዋል፤ እየጻፍኩ፣ እያቆምኩ፣ እየጻፍኩ። ጤነኛ ሰው «ምንም አልሆንኩም» ለማለት ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት?