ለሪፍ አኳሪየም ክዳን ስትመርጡ አየሩን አስቡ

ሪፍ አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባህር እንስሳ) ያለበት የባህር ውሃ አኳሪየም ቤቱ ያስገባ ሰው ስለ መብራቱ፣ ቆሻሻን በአረፋ ስለሚያወጣው ስኪመር፣ ስለ ጨዉ አይነት ሲጨነቅ ይከርምና ክዳኑ ጋ ሲደርስ «ያው መስታወት አስቆርጣለሁ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እንደኛ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ክዳኑ መጀመሪያ ከሚታሰብባቸው ነገሮች አንዱ ነው ባይ ነኝ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባህር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ። እዚህ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዛው ልክ ይቀንሳል። በባህር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ የሞቀ የባህር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፣ ያንኑ ውሃ እኛ ጋ ብታመጡት 5 ቢይዝ ነው። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ድሮም ከወንዝ ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው። ማታ መብራት ሲጠፋ ኮራሉ ውስጥ ያለው አልጌ ኦክስጅን መስራቱን ያቆምና ኮራሉም ዓሳውም ሽሪምፑም ሁሉም ከዛችው ይስባሉ። ታዲያ በዚህ ላይ ዳር እስከ ዳር መስታወት ገጥሞ መዝጋት ለኔ አይታሰብም።

«ካልሆነስ ክፍት ይሁን» የሚሉም አሉ፣ እሱም አይሆንም። ፋየርፊሽ፣ ፌሪ ራስ፣ አብዛኞቹ ጎቢዎች፣ እነዚህ ዓሶች ሲደነግጡ ወደ ላይ ነው የሚወረወሩት። በጣም ከሚያስደነግጣቸው ነገር አንዱ ደግሞ መብራት ድንገት ድርግም ማለቱ ነው፣ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታውቁታላችሁ፣ ቀስ ብሎ አይደበዝዝ በቃ ድርግም ነው። ጠዋት ወለል ላይ የደረቀ ፋየርፊሽ ማንሳት በጣም ያማል፣ ማንም እንዲያየው አልፈልግም።

ስለዚህ የኔ ምርጫ መረብ ነው። ግን የትኛው መረብ? የመስኮት የትንኝ ወንፊት ቀዳዳው በጣም ጠባብ ስለሆነ ብርሃን ይቀንሳል፣ አቧራና ጨውም ቶሎ ይደፍነዋል። የብረት ሽቦ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፣ ጨው ይበላዋል፣ ዚንክ የተቀባው ሽቦ ጠብታው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ መዳብም እንደዛው። የሚፈለገው ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ፣ ነጣ ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ መረብ ነው። ፍሬሙን የመስኮትና የበር ስራ የሚሰሩ አሉሚኒየም ቤቶች ይሰሩላችኋል፣ ልክ የትንኝ ወንፊት እንደሚገጥሙት መረቡን ጎድጓዳው ውስጥ በላስቲክ ገመድ እየጠቀጠቁ ይወጥሩታል። እኔ ጋ ሰራተኛው መረቡን ወደ ብርሃን አንስቶ እያየ «ወንድሜ ይሄማ ትንኝ ያሳልፋል እኮ» አለኝ፣ ትንኝ ለመከልከል ሳይሆን ዓሳ እንዳይወጣ ነው ስለው ደስ ብሎት ማዕዘኖቹን ደግሞ ደጋግሞ አጠበቀልኝ። ብሎኑ ብረት እንዳይሆን ንገሯቸው፣ የፕላስቲክ ማዕዘን ይበቃል።

መስታወት የሚመርጡ ሰዎች ምክንያታቸው ሙቀት ነው፣ እውነታቸውን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ማለትም ባለ 100 ዋት ሂተር 7 ሰዓት ገደማ ሰርቶ የሚያመጣውን። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ይበዛል፣ ህዳርና ታህሳስ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ውሃው ሲተን ጨዉ እዛው ስለሚቀር ጨውነቱ ከ35 (በኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) እየወጣ ይሄዳል፣ በየቀኑ በንፁህ ውሃ፣ ያውም አርኦ በሚባለው ማጣሪያ በተጣራ ውሃ መሙላት ግድ ነው። ይሄን ሁሉ አውቄም መረቡን አልተውም፣ ሙቀትን በሂተር መመለስ ይቻላል ኦክስጅንን ግን በሂተር አታመጡትም። በብርድ ወራት ማታ ማታ ከመረቡ ላይ ግማሹን ፖሊካርቦኔት በሚባል የፕላስቲክ ሰሌዳ እሸፍነዋለሁ፣ ዌቭ ሜከሩ (ሞገድ የሚፈጥረው ፓምፕ) ውሃውን የሚያናውጥበት በኩል ግን ሁሌም ክፍት ነው። መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ ጎንና ጎኑን አልብሱት እንጂ ላዩን አትሸፍኑ፣ የባትሪ ኤር ፓምፕ ካላችሁ ያኔ ነው ስራው።

ለዚህ ግማሽ ሽፋን አክሪሊክ የሚባለውን ፕላስቲክ አትጠቀሙ፣ ከስር እርጥበት ስለሚጠጣ ይጎብጣል። መስታወት ካላችሁ ጠርዙን አስሞርዱት፣ በየጊዜውም ጥረጉት፤ ከስሩ ያዘለው ጠብታ ሲደርቅ ነጭ የጨው ቅርፊት ይሰራና ለኮራሉ የሚደርሰውን ብርሃን ይወስዳል፣ ንፁህ መስታወት ራሱ አንድ አስረኛ ገደማ ይወስዳል።

መረብ ከመረጣችሁ የቤቱም ሰው መስማማት አለበት። የዝንብና የበረሮ መርጫ እዛ ክፍል ውስጥ ፈፅሞ አይነፋም፣ ሽሪምፕ ላይ መርዝ ነው። እማዬ ሳሎን ቡና ስታፈላ መስኮት እከፍታለሁ፣ የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ እየገባ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ፣ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ያወርዳል፣ ኮራል ደግሞ ከ8.1 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ ነው የሚመቸው። እሷም ለምዳዋለች፣ አሁን ራሷ ናት «መስኮቱን ክፈት ዓሶቹ ታፈኑ» የምትለኝ።

ልክ ስታስወስዱ ገመዶቹና ቱቦዎቹ የሚያልፉበትን ማዕዘን አትርሱ። ጎቢ በጣት ስፋት ክፍተት ሾልኮ ይወጣል፣ ስለዚህ መረቡን እዛ ጋ በቱቦው ቅርፅ ቆርጣችሁ ዙሪያውን ዝጉት፣ የምግብ መስጫ ቀዳዳውም ክዳን ይኑረው።