ስሜ ያልተሰረዘበት ደብተር

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ በ16 የምንሰበሰብበት የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር ገንዘብ ያዥ አድርጎ የመረጠኝም ስለዚህ ነበር። አሥራ ሁለት አባላት ነን። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ለቀጣዩ ዓመት መስከረም 21 አብረን ግሸን ማርያም ለመሄድ ተስማማንና እያንዳንዳችን በወር 200 ብር ማስቀመጥ ጀመርን። ከመስከረም እስከ ሐምሌ አሥራ አንድ ወር ነው፤ 26,400 ብር።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ገንዘቡን ወሰድሁት። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ልንከፍተው ላሰብነው ዳቦ ቤት ቀብድ ጎድሎን ነበር። በሁለት ሳምንት እመልሰዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ዳቦ ቤቱ አልተከፈተም፤ ቀብዱም አልተመለሰም። ከዚህ በላይ ላሳምረው አልፈልግም። የሰው ገንዘብ ሰረቅሁ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ለማንም አልተናገርሁም። የነሐሴ 16 ማኅበር ቀረሁ፤ ስልኬን ቀየርሁ፤ ከኮልፌ ለቅቄ ሰሚት ገባሁ። ከቤተ ክርስቲያንም ራቅሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ታክሲው በአንድ ደብር ደጃፍ ያልፋል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያማትብ እኔ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ እከት ነበር።

ልጅ ሳለሁ አያቴ የካቲት 16 በመጣ ቁጥር የበላዔ ሰብእን ታሪክ ትነግረኝ ነበር። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ ውኃ ለጠማው በሽተኛ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ነፍሱ ለሚዛን ስትቀርብ ያች ጥርኝ ውኃ ሰባ ስምንቱን ነፍስ ከበደች። በእነዚያ የሽሽት ዓመታት ይህን ታሪክ ላስታውሰው አልወድም ነበር። እርሱ በስሟ ሰጠ፤ እኔ በስሟ የተሰበሰበውን ወሰድሁ። በየትኛው ሚዛን ልቁም?

በ2016 ዓ.ም. ስቅለት ሚያዝያ 25 ዋለ። ለመሄድ ያሰብሁት ነገር አልነበረም። መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ከአጥቢያው ድምፅ ማጉያ ኪርያላይሶኑ ከነጋ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ገደማ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ደጃፉ ስደርስ መግባት አቃተኝና ከቅጥሩ ውጭ ከነዳያኑ አጠገብ ቆምሁ። አንዲት አሮጊት የተቀመጡበትን ካርቶን ሳብ አድርገው «ፀሐዩ ይበረታል፤ ወደ ጥላው ጠጋ በይ ልጄ» አሉኝ። ከአራት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ቦታ ያ ነው። ምጽዋት የሚጠብቁ ሴት ከካርቶናቸው ከፍለው ሰጡኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገባሁ። ወደ ማምሻው በአራቱም ማዕዘን መቶ መቶ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እየተባለ ሲሰገድ እንደ ልማዴ እቆጥር ነበር። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ቆጠራው ጠፋኝ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ነጠላዬ በላብና በአቧራ ጨቅይቷል፤ በግራ በቀኜ የማላውቃቸው ሴቶች አብረውኝ ይወድቃሉ፣ አብረውኝ ይነሣሉ። ማንም ማን እንደሆንሁ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ጥብጠባው ሆነ። ካህናቱ ወይራ ይዘው ቆመዋል፤ ሰው ሁሉ ተራ ይዞ ጀርባውን ይሰጣል። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ በአንዱ ካህን ጆሮ «የማኅበር ገንዘብ በልቻለሁ፤ 26,400 ብር» አልኋቸው።

«ገንዘቡን አልጠየቅሁሽም ልጄ። ከመጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ነገርኋቸው። በወይራው ጀርባዬን ነካ ነካ አደረጉና «ሃምሳ ስግደት ጨምሪ። የነፍስ አባትሽ ዘንድ ሄደሽ ተናዘዢ። ለባለቤቶቹም ራስሽ ሄደሽ ንገሪ፤ ሰው አትላኪ» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት «ገብረ ሰላም በመስቀሉ» ተብሎ ቄጠማው ሲታደል እኔም ተቀብዬ ግንባሬ ላይ አሰርሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ አጥብቄ ያሰርሁት አላስታውስም።

ግንቦት 16 ማኅበሩ በሙሴያችን፣ በማኅበሩ መሪ፣ ቤት እንደሆነ ጠይቄ ደረስሁበት። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና አድሬያለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ 600 ብር አለ። በሩ ላይ ሆኜ ልጀምር ስል ሙሴያችን «መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉኝ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ጽዋው ዞሮ ደረሰኝ። የተናገርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያጠናሁትም ጠፍቶኝ ያለቀስሁት ይበዛል።

ሲያበቃ ደብተሩን አስመጡ። እኔ ራሴ በቀይ ማስመሪያ ያሰመርሁት ደብተር ነው። ስሜ ሰባተኛው ተራ ላይ እንዳለ አለ። ከጎኑ በየወሩ፣ በተለያየ ሰው የእጅ ጽሕፈት፣ «የእርሷ ድርሻ ለነዳያን ተሰጠ» ይላል። ቆጠርሁት፤ ሃምሳ ሰባት ጊዜ። በኮሮናው ጊዜ፣ መሰብሰብ በቀረባቸው ወራት እንኳ፣ ተረኛው ዳቦውን በየደጁ ሲያድል የእኔን ድርሻ ጽፎታል። በየወሩ አንድ ቁራሽ ዳቦ በስሜ ለአንድ ችግረኛ ይሰጥ ነበር፤ ያን ጊዜ እኔ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ እከት ነበር።

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ፣ በመቃብሩ የነበረው መልአክ ሴቶቹን ሲልካቸው «ለደቀ መዛሙርቱ ለጴጥሮስም» ይላቸዋል። ጴጥሮስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነው፤ ለብቻው መጠራት አያስፈልገውም ነበር። ግን ሦስት ጊዜ ክዶአልና «ደቀ መዛሙርቱ» ሲባል እኔን አይመለከተኝም ብሎ ይቀር እንደነበር አምናለሁ። እኔ እቀር ነበር። ስሙ ተጠራለት። የእኔም በሰባተኛው ተራ ላይ ተጽፎ ቆየኝ።

ዕዳው ግን አልተሻረም፤ እኔም እንዲሻር አልጠየቅሁም። «ማሩኝ» ማለትና «አትጠይቁኝ» ማለት ለየቅል ናቸው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሲገጥመኝ እቆጣለሁ። በወር 600 ብር እከፍላለሁ። እስከዚህ ጥቅምት አሥራ ስምንት ወር ከፍያለሁ፤ ሃያ ስድስት ወር ይቀረኛል።

በገንዘብ የማይከፈልም አለ። በዚያ ዓመት መስከረም ገንዘብ ያላቸው ከኪሳቸው አውጥተው ግሸን ሄደዋል። አንዲቱ እኅታችን አልቻለችም። እናቷን ይዛ ልትሄድ ነበር፤ አሮጊቷ ለዓመታት የተመኙት ያን ተራራ መሳለም ነበር። በኅዳር ዐረፉ። ይህን የሰማሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ማኅበሩ ላይ እንገናኛለን፤ ሰላምታ እንሰጣጣለን። የእኔ ተራ ሲሆን ግን ቤቴ አትመጣም። አልፈርድባትም። ለምን ይቅር አልሽም የሚላት ሰው ቢኖር ዝም አሰኘዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት 16 ተራዬ ነበር። ድፎውን ቆርሼ፣ ድርሻዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ለልጇ ሰጠኋት። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ ጨርቁ አልተመለሰም። ዘንድሮ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ በሬን አንኳኳች። ጨርቁ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፎ በእጇ ነበር።